አንገትን የሚወጋው ረጅም አጥንት፦ መድኃኒት፣ መርፌ ወይስ ቀዶ ሕክምና?

አክስቴ ቆሎ መብላት ያቆመችው የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። ጥርሷ ደህና ነበር። የሚያስቸግራት ማኘክና መዋጥ ነው። ከግራ መንጋጋዋ ማዕዘን ሥር፣ ከጆሮዋ ዝቅ ብሎ፣ የሆነ ነገር ይወጋታል። ወጋ ያደርግና ወደ ጆሮዋ ይወጣል። ሰው ከኋላ ጠርቷት ዞር ስትል አንገቷን ይዛ ትቆማለች። «የዓሣ አጥንት የተሰነቀረብኝ ነው የሚመስለኝ» ትለን ነበር። ዓሣ ከበላች ግን ወራት አልፈዋል።

መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ። ቀጥሎ ቶንሲል። አንድ ቦታ ሁለት የመንጋጋ ጥርስ ተነቀለላት። ሌላ ቦታ የአንገት ኤምአርአይ ታዘዘና «ዲስክ ተንሸራቷል» ተባለች፤ የአንገት ድጋፍ አድርጋ ከረመች። ሕመሙ ግን ፍንክች አላለም። በመጨረሻ አንድ ወጣት የአንገት በላይ ሐኪም «እናቴ፣ እስቲ አፍዎን በደንብ ይክፈቱልኝ» አላትና ጓንት ያጠለቀ ጣቱን ከቶንሲሏ አጠገብ ወዳለው ጎድጓዳ ቦታ ሰደደ። ጫን ሲያደርገው ክንዱን ጭምድድ አድርጋ ያዘችው። ጣቱን ሲያወጣ የመጀመሪያ ቃሏ «እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው!» የሚል ነበር።

በሽታው ኢግል ሲንድረም ይባላል። ከራስ ቅል ሥር ወደ ታች የሚወርድ አንድ ቀጭን አጥንት ከልክ በላይ ረዝሞ አካባቢውን ሲነካካ የሚመጣ ሕመም ነው።

ስሙ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። አንዱ ሐኪም «መድኃኒት ይውሰዱ» አላት። ሌላው «መርፌ እንሞክር» አለ። ሦስተኛው «በአፍ ገብተን እናሳጥረዋለን» ሲል አራተኛው «በአፍ አይሆንም፣ በአንገት ነው» አለ። አራቱም አልተሳሳቱም። ግን ቁጭ ብሎ ልዩነቱን ያስረዳን አልነበረም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። እሷን ይዤ ስመላለስ፣ ስጠይቅና ሳነብ ያጠራቀምኩትን ነው እዚህ የማካፍላችሁ። ሐኪማችሁ ፊት ስትቀመጡ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ካወቃችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ወስፌ የመሰለው አጥንት

አጥንቱ ስታይሎይድ ይባላል። ከጆሮ ሥር፣ ከራስ ቅል ወለል ተነስቶ ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ውስጥ ያዘነብላል። በቀኝም በግራም አለ። ቅርጹን ለማየት ወስፌን አስቡ፤ ከላይ ወፈር፣ ከታች ሾጠጥ ያለ ነው። ጫፉ ላይ አንድ ጅማት ታስሮ ከማንቁርት በላይ ወዳለችው ሃዮይድ ወደምትባል ትንሽ አጥንት ይወርዳል። ምላስንና ጉሮሮን የሚያንቀሳቅሱ ሦስት ትንንሽ ጡንቻዎችም የሚነሱት ከዚሁ አጥንት ነው። ስንውጥ፣ ስናዛጋ፣ አንገታችንን ስናዞር ሕመሙ የሚቀሰቀሰው ለዚህ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከ3 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ብዙ ሐኪሞች «ረጅም» ይሉታል። አንዳንዴ የረዘመው አጥንቱ ራሱ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጅማቱ ካልሲየም እያጠራቀመ ቀስ በቀስ ወደ አጥንትነት ይቀየራል።

ችግሩ ሰፈሩ ነው። ደም ወደ አንጎል የሚወስደው የካሮቲድ ደም ቅዳ ቧንቧ በአጠገቡ ያልፋል። ከአንጎል ደም የሚመልሰው ትልቁ ደም መልስ ከኋላው ነው። የፊትን፣ የጉሮሮን፣ የድምፅንና የምላስን ሥራ የሚመሩ ነርቮችም እዚያው ይተላለፋሉ። በገበያ ቀን መርካቶ መሀል ረጅም ዘንግ ይዞ እንደ መቆም ነው። ዘንጉ አጭር ከሆነ ማንም ልብ አይለውም። ሲረዝም ወይም ሲያዘነብል ግን የሚወጋው ሰው አያጣም።

ስሙን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታልና ልናገር። ኢግል በእንግሊዝኛ ንስር ማለት ቢሆንም ከወፏ ጋር ግንኙነት የለውም። ዋት ዊምስ ኢግል የተባለ፣ አሜሪካ ሰሜን ካሮላይና በሚገኘው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረ የአንገት በላይ ሐኪም በ1937 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሽታውን በዝርዝር ጻፈ። ስሙ በዚያው ቀረ።

ከምርጫዎቹ በፊት አንድ ነገር ልበል። አጥንቱ ረጅም መሆኑ ብቻውን ምንም አይወስንም። ከመቶ ሰው አራት ያህሉ ረጅም ስታይሎይድ እንዳለው በብዛት ይጠቀሳል። ከእነዚህ ውስጥ የሚያማቸው ጥቂቶቹ ናቸው። በራጅ ላይ ረጅም አጥንት ታየ ማለት የአንገት ሕመሙ መንስኤ ተገኘ ማለት አይደለም። የሚወስነው አጥንቱ ምን እየነካ እንደሆነ ነው። ነርቭና ጉሮሮ ነው? ደም ቅዳ ነው? ደም መልስ ነው? ከዚህ በታች ያለው ምርጫ ሁሉ የሚመለሰው ወደዚህ ጥያቄ ነው።

ነርቭና ጉሮሮ ሲነካ ሲውጡ መውጋት፣ ጉሮሮ ውስጥ የተሰነቀረ ነገር ያለ መምሰል፣ ወደ ጆሮ የሚወጣ ሕመም ይኖራል። ቶንሲል በቀዶ ካስወጡ በኋላ የሚጀምራቸውም አሉ። ደም ቅዳውን ሲጫን ሕመሙ ከአንገት ጎን ተነስቶ ወደ ዐይንና ወደ ራስ ይወጣል፤ አንገት ሲያዞሩ ማዞር፣ ዐይን ላይ መጨለም፣ አልፎም ራስን መሳት ሊመጣ ይችላል። ደም መልሱ ሲጨፈለቅ ደግሞ ራስ ውስጥ የመወጠር ስሜትና ከልብ ምት ጋር አብሮ ጆሮ ውስጥ የሚመታ ድምፅ ይሰማል። ሴቶች ላይ ከወንዶች በላይ ይታያል። ብዙውን ጊዜም ከ30 ዓመት በኋላ ነው።

የትኛው ምርመራ?

ገንዘባችሁን የት እንደምታውሉ የሚወሰነው እዚህ ነውና በደንብ እንየው።

ርካሹ ምርመራ የሐኪም ጣት ነው። ጤነኛ ሰው ላይ የስታይሎይድ ጫፍ በአፍ በኩል አይዳሰስም። ጠንካራ ሹል ነገር ከተዳሰሰና ሲጫኑት የለመዱት ሕመም ከመጣ ትልቅ ፍንጭ ነው። አክስቴ ሁለት ዓመት ስትንከራተት ማንም ጣቱን አላስገባም ነበር። ጉሮሮን በባትሪ ማየትና በጣት መዳሰስ ለየቅል ናቸው። አፍራችሁ ዝም አትበሉ፣ «ዶክተር፣ በጣትዎ ይመልከቱልኝ» በሉ።

ፓኖራሚክ ራጅ ጥርስ ሕክምና ጋ የሚነሳው ሰፊ ራጅ ነው። ዋጋው ከሲቲ ስካን ይቀላል፤ ጨረሩም ትንሽ ነው። ረጅም አጥንት መኖሩን ያሳያል። ግን ምስሉን አግንኖና አዛብቶ ሊያሳይ ይችላል። አጥንቱ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ይሁን አይሁን በትክክል አይነግርም። ደም ሥር ጨርሶ አያሳይም። ለጥርጣሬ ይበቃል፤ ለቀዶ ሕክምና ውሳኔ አይበቃም።

ሲቲ ስካን ዋናው ነው። ርዝመቱን፣ ውፍረቱን፣ ያዘነበለበትን አቅጣጫ ያሳያል። ከየአቅጣጫው የሚታይ ባለ ሦስት ገጽታ (3D) ምስል ሲሠራለት አጥንቱን አውጥታችሁ በእጃችሁ የያዛችሁት ያህል ታዩታላችሁ። አንገት ስታዞሩ የሚያዞራችሁ ከሆነ ግን ተራው ሲቲ አይበቃም። የደም ሥርን የሚያደምቅ ፈሳሽ ተሰጥቶ የሚነሳው ሲቲ አንጂዮግራፊ ያስፈልጋል። ሕመሙ በሚቀሰቀስበት አቅጣጫ አንገት ዞሮ ቢነሳ ደግሞ የተሻለ ያሳያል። ኩላሊታችሁ ላይ ችግር ካለ ወይም ከዚህ በፊት ፈሳሹ አለርጂ ከሆነባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ኤምአርአይ ለአከርካሪና ለነርቭ ጥሩ ነው። ለዚህ ቀጭን አጥንት ግን ሁነኛ ምርጫ አይደለም። ደግሞ ወጥመድ አለው። ዕድሜያቸው የገፋ ብዙ ሰዎች ምንም ሳያማቸው ኤምአርአይ ላይ የዲስክ ለውጥ ይታይባቸዋል። ዲስኩ ታየና ፍለጋው ቆመ፤ አክስቴ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ሁለት ነገር በጣም ጠቅሞናል። አንደኛ፣ የማዘዣ ወረቀቱ ላይ ስታይሎይዱ እንዲለካ በግልጽ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ አንባቢው ሐኪም ሌላውን አንብቦ ሊያልፈው ይችላል። ሁለተኛ፣ ፊልም ላይ ታትሞ የሚሰጠው የተመረጠ ምስል ነው። ሙሉው ያለው ሲዲው ላይ ነው። ሲዲውን ሳትቀበሉ አትውጡ። ከዚህ በፊት በሌላ ምክንያት የራስ ወይም የአንገት ሲቲ ተነስታችሁ ከሆነም አጥንቱ እዚያው ላይ ሊታይ ይችላል። አዲስ ከመነሳታችሁ በፊት አሮጌው እንዲታይ ጠይቁ።

አንገት ላይ የማይጠፋ እብጠት፣ ሳታስቡት መክሳት፣ ለሳምንታት የቆየ የድምፅ መጎርነን ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለ ደግሞ ስታይሎይዱን ተዉትና ሐኪሙ መጀመሪያ ካንሰር አለመሆኑን ያጣራ። የአንድ ጎን ጉሮሮ ሕመም ወደ ጆሮ ሲወጣ የካንሰር ምልክትም ሊሆን ይችላል።

ምንም አለማድረግ

ይህም ምርጫ ነው። የጥርስ ራጅ ልትነሱ ሄዳችሁ ረጅም ስታይሎይድ በአጋጣሚ ከታየና ምንም የማያማችሁ ከሆነ አትነካኩት። «አሁን ባያምም በኋላ ያማል» ብሎ ቀድሞ ማስቆረጥ ትርፉ ለአደጋ መጋለጥ ነው። ሕመሙ ኖሮም አልፎ አልፎ የሚመጣ፣ ሥራና እንቅልፍ የማያስተጓጉል ከሆነና የደም ሥር ምልክት ከሌለ፣ ማወቁ ብቻ የሚበቃቸው ብዙዎች ናቸው። ካንሰር አለመሆኑ ሲረጋገጥ ግማሹ ሕመም የሚለቀው ሰው አለ። ይህን አቅልዬ አላየውም። ፍርሃት ራሱ አንገት ያስይዛል።

መድኃኒት

መድኃኒት አጥንቱን አያሳጥርም። የሚያበርደው የተቆጣውን ነርቭና ቁስለቱን ነው። ጠቀሜታው ከተፈለገ የሚቆም መሆኑ ነው፤ የተቆረጠ አጥንት አይመለስም፣ የተጀመረ እንክብል ግን ይቆማል። ስለዚህ የደም ሥር ምልክት ከሌለ በዚህ መጀመር ተገቢ ነው።

ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ለአጭር ጊዜ ይረዳሉ። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ከፋርማሲ እየገዛ ወር ሙሉ ሊውጣቸው አይገባም። የሚወጋና እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ከሆነ ሐኪሞች ወደ ነርቭ መድኃኒቶች ይሄዳሉ። ካርባማዜፒን፣ ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን፣ ማታ ማታ የሚወሰድ አነስተኛ አሚትሪፕቲሊን። አሚትሪፕቲሊን የድብርት መድኃኒት ነው ብላችሁ አትደንግጡ። በትንሽ መጠን ለነርቭ ሕመም ይታዘዛል። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል።

ካርባማዜፒን ላይ ጠንቀቅ በሉ። የእርግዝና መከላከያ እንክብልን ያዳክማል። ከአንዳንድ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቶች ጋር አይስማማም። ለማርገዝ የምታስብ ሴት ይህን ለሐኪሟ ሳትነግር ሊታዘዝላት አይገባም። ቆዳ ላይ ሽፍታ ካወጣ በዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም ነው። ሌሎቹንም የነርቭ መድኃኒቶች ሻል ሲላችሁ በአንድ ጊዜ አትጣሏቸው፤ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሱት።

መድኃኒቱ ሠርቷል የሚባለው ሕመሙ ቀንሶ ኑሮ ሲቀጥል ነው። አክስቴ ጋባፔንቲን አራት ወር ወሰደች። ሕመሙ በግማሽ ወረደ። ግን ሱቋ ውስጥ መልስ ስትቆጥር ትሳሳት ጀመር። ሠርቷል ወይስ አልሠራም? ሐኪሙ ሠርቷል አለ። እሷ ግን አልሠራም አለች። እሷ ትክክል ነበረች ብዬ አምናለሁ፤ ሱቁ የሷ ነው።

መርፌ

ማደንዘዣና ስቴሮይድ (ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት) ተደባልቆ በአፍ በኩል ቶንሲሉ ያለበት አካባቢ፣ ወይም ከውጭ በአንገት በኩል ይሰጣል። ሁለት ሥራ አለው፤ ያክማልም፣ ይመረምራልም። ማደንዘዣው ገብቶ በደቂቃዎች ውስጥ ያ የታወቀው ሕመም ቢጠፋ መንስኤው እዚያ አካባቢ መሆኑን ያጠናክራል። ባይጠፋ ደግሞ ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት ሌላ መንስኤ መፈለግ አለበት። የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም፣ የጉሮሮ ነርቭ የራሱ ሕመም፣ ማይግሬን፣ ያልበቀለ የመንጋጋ ጥርስ ሁሉም ይመሳሰላሉ። ማደንዘዣው በዙሪያው ያለውን ሁሉ ስለሚያደነዝዝ መቶ በመቶ ማስረጃ ነው ባይባልም፣ ቀዶ ሕክምና ለሚያስብ ሰው ዋጋው ትልቅ ነው።

እፎይታው አንዳንዱ ላይ ሳምንታት፣ አንዳንዱ ላይ ወራት ይቆያል። ዘላቂ ብላችሁ አትቁጠሩት። ስኳር ያለበት ሰው ከስቴሮይዱ በኋላ ለተወሰኑ ቀናት ስኳሩ ከፍ ስለሚል ደጋግሞ ይለካ። ጉሮሮ ደንዝዞ ሳለ ደግሞ ምግብም ውኃም አይቀመስም፣ ትን ይላል። ቦታው የደም ሥር ሰፈር ነውና መርፌውን የሚወጋው አካባቢውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሐኪም መሆን አለበት።

ስለ ወጌሻና አንገት ማዞር

ይህን ከምርጫ አልቆጥረውም። ግን ሁላችንም ቀድመን የምንሄደው እዚያ ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም። አንገት በኃይል ማሸት፣ ጠምዝዞ ማንጫጨት፣ ረጅም ስታይሎይድ ላለው ሰው አደገኛ ነው። ሹል አጥንት ከካሮቲድ አጠገብ ቆሟል። አንገት በድንገት ሲጠመዘዝ የደም ቅዳው የውስጥ ግድግዳ ሊሰነጠቅ፣ እዚያ ላይ ደም ሊረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። አጥንቱን በአፍ በኩል በጣት ሰብሮ ማስታገስም ድሮ የተሞከረ ነገር ነው። የተሰበረው ሹል ጫፍ እዚያው ስለሚቀር ሕመሙ አይለቅም፤ ነርቭና ደም ሥር የመጉዳት አደጋ አለው። ወጌሻችሁን ብታከብሩም ለዚህኛው አንገታችሁን አትስጡ።

ቀዶ ሕክምና፦ በአፍ ወይስ በአንገት?

መድኃኒቱ ካልበቃ፣ መርፌው ቦታውን ካረጋገጠ፣ ወይም ደም ሥር ከተነካ አጥንቱን ማሳጠር ይመጣል። ሁለቱም መንገዶች ብዙውን ጊዜ በሙሉ ሰመመን ነው የሚሠሩት።

በአፍ በኩል ሲሆን ሐኪሙ ቶንሲሉ ባለበት ቦታ ይገባል። ቶንሲሉ ካለ ብዙ ጊዜ አብሮ ይወጣል። የአጥንቱን ጫፍ በጣት ያገኛል፣ ጅማቱንና ጡንቻውን ከላዩ ገፎ ይቆርጠዋል። አንገት ላይ ጠባሳ የለም። ጊዜውም ያጥራል። የፊት ነርቭ ቅርንጫፍ የመነካት ዕድሉ ያነሰ ነው። ችግሩ ቦታው ጠባብና ጥልቅ መሆኑ ነው። ደም ከፈሰሰ ለመቆጣጠር ይከብዳል። አፍ ደግሞ ንጹሕ ቦታ አይደለም፤ ጀርም ወደ አንገት ጥልቅ ክፍል ገብቶ መመርቀዝ ሊከተል ይችላል። አጥንቱን እስከ ሥሩ ድረስ ማሳጠርም አይመችም። በካሜራ እየተረዱ የሚሠሩ ሐኪሞች እይታውን በጣም ያሻሽሉታል፤ ያ መሣሪያ መኖሩን ጠይቁ። ከቀዶው በኋላ የመዋጥ ሕመሙ ቶንሲል እንደወጣለት ሰው ነው፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

በአንገት በኩል ሲሆን ከመንጋጋ በታች ባለው የቆዳ እጥፋት ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይቀደዳል። ሐኪሙ ደም ሥሩንና ነርቩን በዐይኑ እያየ፣ እየጠበቀ ይሠራል። ደም ቢፈስ ይዞ ያቆመዋል። አጥንቱን ወደ ሥሩ ተጠግቶ መቁረጥ ይችላል። በአፍ ጀርም የመበከል ዕድሉም ትንሽ ነው። በምትኩ ጠባሳ አለ፣ ጊዜው ይረዝማል። የታችኛውን ከንፈር የሚያንቀሳቅሰው የነርቭ ቅርንጫፍ ተጎትቶ ፈገግታ ለጊዜው ሊጣመም ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። አንዳንድ ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ምግብ ሲጀምር የመጀመሪያዋ ጉርሻ ላይ ብቻ መንጋጋው ሥር ጭምቅ የሚያደርግ ሕመም ይሰማዋል፣ ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ላይ ይለቀዋል። አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው በጣም ይደነግጣል።

እኛ አገር ስለ ጠባሳ ሲወራ መረሳት የሌለበት ኬሎይድ ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ በብዛት ይታያል። ጆሮዋን ስትበሳ ወይም ክትባት ስትወስድ ጠባሳዋ እየፋፋ የወጣ ሰው አንገቷ ላይ ተመሳሳይ ሊገጥማት ይችላል። ይህን ለቀዶ ሐኪሙ ንገሩት። የደም ሥር ጉዳይ ካለ ግን ኬሎይድ ተፈርቶ በአፍ ይሁን አይባልም።

ለማን ምን ይስማማል ብትሉኝ የምለው ይህ ነው። የአጥንቱ ጫፍ በጣት የሚዳሰስ፣ ምልክቱ የጉሮሮና የነርቭ ብቻ የሆነ፣ አፍዋ በደንብ የሚከፈት ታማሚ በአፍ በኩል ብታደርገው ያስኬዳል። ደም ቅዳ ወይም ደም መልስ የተነካበት፣ አጥንቱ በጣም የወፈረና የረዘመ፣ አፉ የማይከፈት፣ ወይም ጫፉ በጣት የማይገኝ ሰው በአንገት ቢሆንለት ይሻላል። ከሁለቱም በላይ የሚመዝነው ግን የሐኪሙ እጅ ነው። በአንገት አሥር የሠራ ሐኪም «በአፍ ይሁንልኝ» ስላላችሁት ብቻ የማያውቀውን መንገድ ባይሞክር ለእናንተም ይበጃል። ስንት እንደሠራ፣ በየትኛው መንገድ፣ ምን ያህል አጥንት ለመቁረጥ እንዳሰበ፣ ደም ቢፈስ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ። ጥያቄ የሚያስቆጣው ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ይህን ሥራ የአንገት በላይ ወይም የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪሞች ናቸው የሚሠሩት።

አጥንቱ በሁለቱም በኩል ረጅም ከሆነ የሚያመው ጎን ብቻ ነው የሚነካው። ሌላው ይቆይ።

ውጤቱን በተመለከተ፣ በትክክል ከተመረጡ ታማሚዎች አብዛኞቹ ይሻላቸዋል። ሁሉም ግን አይደሉም። የማይሻላቸው አንዳንዴ መንስኤው ሌላ ስለነበረ፣ አንዳንዴ አጥንቱ በበቂ ስላልተቆረጠ፣ አንዳንዴም ነርቩ ለዓመታት ተነካክቶ ስለቆየ ነው።

ደም ሥር ሲነካ

እዚህ ላይ የምርጫው ቅደም ተከተል ይቀየራል። አንገት ሲያዞር ዐይኑ የሚጨልምበትን ሰው በእንክብል እያባበሉ ወራት ማቆየት ልክ አይመስለኝም። የደም ሥር ሐኪም ከቀዶ ሐኪሙ ጋር አብሮ ማየት አለበት። የደም ቅዳው ግድግዳ ተሰንጥቆ ከሆነ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይጀመራል፣ አንዳንዴ ስቴንት (ደም ሥሩን ከውስጥ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ይገባል። ግን አጥንቱ እዚያው እየወጋ ስቴንት ብቻ ማስገባት ነገሩን አይጨርስም፤ አጥንቱ ስቴንቱን ራሱን የሰበረባቸው ታማሚዎች ተመዝግበዋል። ደም መልስ በስታይሎይዱና በመጀመሪያዋ የአንገት አከርካሪ መሀል ሲጨፈለቅ ደግሞ አንዳንዴ ከአከርካሪዋም ጎን ጥቂት መቁረጥ ያስፈልጋል። ይህ የትም የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ፊት በአንድ ጎን ከተንጋደደ፣ እጅ ከሰነፈ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ የአንድ ዐይን ብርሃን ድንገት ከጠፋ ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። «ተመለሰልኝ፣ አለፈ» ብላችሁ ቤት አትቅሩ፣ ያለፈው ለሚቀጥለው ማስጠንቀቂያ ነው።

አክስቴ የመረጠችው

ሲቲው ላይ የግራው 4.1፣ የቀኙ 3.4 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ቀኙ አያማትም፣ ማንም አልነካውም። አንጂዮግራፊው ደም ሥሩ ነጻ መሆኑን አሳየ። መድኃኒቱ እንዳልኳችሁ ነው። መርፌው በሰጧት ዕለት ሕመሙን ድራሹን አጠፋው፤ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ተመለሰ። ጆሮዋ ላይ ከጉትቻ የመጣ ኬሎይድ አላት። የአጥንቱ ጫፍም በአፍ በደንብ ይዳሰስ ነበር። በአፍ ይሁን ተባለ።

አሥር ቀን በቀዝቃዛ ወተትና በአጥሚት ኖረች። የተቆረጠው ቁራጭ በትንሽ ጠርሙስ ተደርጎ ሲያሳዩን የክብሪት እንጨት ግማሽ ያህል ነው። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ «ይህች ናት?» አለች።

አሁን ሰባት ወር ሆናት። ስትውጥ አይወጋትም። ዞር ስትልም አንገቷን አትይዝም። ብርድ ሲሆን ጆሮዋ አካባቢ ትንሽ ይጠዘጥዛታል። ቆሎም ጀምራለች። በቀኝ በኩል ብቻ ነው የምታኝከው፤ በግራ በኩል ያለ ጥፋታቸው የተነቀሉት ሁለቱ መንጋጋዎች ቦታ ባዶ ነው።